ሂዮብ ሉዶልፍ፤ ኢትዮጵያን ሳያዩ ያጠኑት ሊቅና መምህራቸው አባ ጎርጎርዮስ

ቋንቋን፣ ታሪክን፣ ሕግን፣ ሃይማኖትንና ሥነ ጽሑፍን አቀናጅቶ አንድን ጉዳይ መመርመር በዘመናችን ዩኒቨርሲቲዎች በእጅጉ የሚበረታታ አሠራር ነው፡፡ አሠራሩ አዲስ ይምሰል እንጂ አዲስ አይደለም፡፡ የትምህርት ዘርፎች እንደዛሬው የየራሳቸውን አጥር ከማጠራቸው በፊት፣ ከ350 ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ፣ አንድ ጀርመናዊ የሕግ ባለሙያ ኢትዮጵያን ለማወቅ በተነሱ ጊዜ አንድ ትምህርት ብቻውን ለዚህ እንደማይበቃ ተረድተው ነበር፡፡ እኚህ ሰው ሂዮብ (ኢዮብ) ሉዶልፍ ይባላሉ፡፡

ሉዶልፍ በአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት መሥራች ተደርገው ይቆጠራሉ፡፡ ስማቸው በተነሳ ቁጥር ግን አብሮ መነሳት ያለበት የአንድ ኢትዮጵያዊ ካህን ስም አለ፡፡ ያለ እኚህ ካህን የሉዶልፍ ሥራ ከመጻሕፍት የተለቃቀመ፣ ሕይወት የሌለው ዕውቀት ሆኖ በቀረ ነበር፡፡ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን እንዲገነዘቡ ያስፈልጋል፡፡

ሂዮብ ሉዶልፍ በመካከለኛው ጀርመን፣ በቱሪንጊያ ምድር በምትገኘው የኤርፉርት ከተማ ሰኔ 15 ቀን 1624 ተወለዱ፡፡ ጊዜው የጀርመንን ምድር ከ1618 እስከ 1648 ድረስ ያደቀቀው የሠላሳው ዓመት ጦርነት የተፋፋመበት ነበር፡፡ ልጅነታቸውንና ወጣትነታቸውን በጦርነት ውስጥ ያሳለፉት ሉዶልፍ በትውልድ ከተማቸው ሕግንና ቋንቋዎችን አጠኑ፤ በኋላም በኔዘርላንድስ ወደሚገኘውና በምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ስመ ጥር ወደነበረው የላይደን ዩኒቨርሲቲ ተሻገሩ፡፡ መተዳደሪያቸው ሕግና የቤተ መንግሥት አገልግሎት ሲሆን፣ የቋንቋ ጥናታቸው ደግሞ ከሥራ ሰዓት ውጭ ባለችው ጊዜ የሚሠራ ነበር፡፡ ዕድሜያቸውን ሙሉም በዚሁ ሁኔታ ቀጥለውበታል፡፡ ሃያ አምስት ያህል ቋንቋዎችን ያውቁ እንደነበር ይነገርላቸዋል፡፡

ከእነዚህ ሁሉ ቋንቋዎች ልባቸውን የማረከው ግእዝ ነው፡፡ በዚያን ጊዜ ግእዝ በአውሮፓ ፈጽሞ ያልታወቀ ቋንቋ አልነበረም፡፡ ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በሮም፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች የሚያርፉበት የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ነበር፡፡ ዮሐንስ ፖትከን የተባሉ ጀርመናዊ ካህን በዚያ ከተቀመጡት ኢትዮጵያውያን ግእዝ ተምረው በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በሮም አሳተሙ፡፡ ይህም በማተሚያ መሣሪያ የታተመ የመጀመሪያው የግእዝ መጽሐፍ ነው፡፡ ይሁን እንጂ ፖትከን ቋንቋውን ግእዝ ሳይሆን ከለዳዊ ብለው ሰይመውት ስለነበር ስህተቱ በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ ለረጅም ጊዜ ሲንከባለል ቆየ፡፡ በ1548 እና 1549 ደግሞ ኢትዮጵያዊው አባ ተስፋ ጽዮን አዲስ ኪዳንን በሮም አሳተሙ፡፡ ከዚህም በኋላ በ1552 የማሪያኖ ቪቶሪዮ ሰዋስው፣ በ1638 የያዕቆብ ቬመርስ መዝገበ ቃላት ወጡ፡፡ ወጣቱ ሉዶልፍ የያዙት ስንቅ እነዚህን ጥቂት መጻሕፍት ብቻ ነበር፡፡

በ1649 ሉዶልፍ ሮም የገቡት ለኢትዮጵያ ጉዳይ አልነበረም፡፡ የስዊድንን ታሪክ የሚመለከቱ፣ የኡፕሳላው ሊቀ ጳጳስ የዮሐንስ ማግኑስ የነበሩ ሰነዶች በሮም ተከማችተው ይገኛሉ ተብሎ ስለታሰበ እነዚያን እንዲያፈላልጉ ተልከው ነበር፡፡ ዛሬ ያንን ተልዕኮ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው፡፡ የሚታወሰው ወጣቱ የሕግ ባለሙያ በከተማዋ ኢትዮጵያውያን መኖራቸውን ሰምተው ወደ ቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም መሄዳቸው ነው፡፡

በገዳሙ አራት ኢትዮጵያውያን አገኙ፡፡ ሉዶልፍ ከመጽሐፍ የተማሩትን ግእዝ ጮክ ብለው ሲያነቡላቸው አድማጮቹ በመደነቅና በሳቅ ተቀበሏቸው፡፡ ነገሩ የሚያስገርም አይደለም፡፡ ጠን ከተ፣ ቀን ከከ፣ ጸን ከሰ ለይቶ ማውጣት ከአንደበት ወደ ጆሮ የሚተላለፍ ትምህርት ነው፤ ይህን የቬመርስ መዝገበ ቃላት ሊያስተምር አይችልም፡፡ ከአራቱ መካከል በዕውቀታቸው የላቁት አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ፡፡ አባ ጎርጎርዮስ ከአውሮፓ ቋንቋዎች የሚያውቁት ፖርቱጋልኛን በመሆኑ መጀመሪያ ላይ ንግግሩ የሚካሄደው በአስተርጓሚ ነበር፡፡ ብዙም ሳይቆይ ግን ሁለቱም አስተርጓሚውን ትተው በግእዝ መነጋገር ጀመሩ፡፡ ለአንዱም ለሌላውም የአፍ መፍቻ ያልነበረ፣ የመጽሐፍና የቅዳሴ ቋንቋ፣ በሁለት ሰዎች መካከል የወሬና የክርክር ቋንቋ ሆነ፡፡

አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት በአምሐራ ምድር፣ በመካነ ሥላሴ ነው፡፡ መካነ ሥላሴ በዛሬው ደቡብ ወሎ አካባቢ የነበረ፣ በነገሥታቱ የተሠራና በወርቅና በብር ማስጌጫዎቹ የታወቀ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ በ1531 በአህመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ተቃጥሏል፡፡ አባ ጎርጎርዮስ የኖሩበት ዘመን ደግሞ በሌላ ማዕበል የተናወጠ ነበር፡፡ አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው በአገሪቱ ላይ ካወጁ በኋላ በተነሳው እርስ በርስ ጦርነት ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ ታወጀ፡፡ ዙፋኑን የወረሱት አፄ ፋሲለደስም የኢየሱሳውያንን ሚሲዮናውያን ከአገር አስወጡ፡፡ አባ ጎርጎርዮስ ከሚሲዮናውያኑ ጋር ቅርበት ስለነበራቸው ከፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ወገን ጋር አብረው ተሰደው ሕንድ ደረሱ፤ ከዚያም የስደት ጉዟቸው ወደ ሮም አመጣቸው፡፡ እንግዲህ ሉዶልፍ ያገኟቸው ከመንደሩ ያልወጣ ሰው አልነበረም፡፡ የአገራቸውን ነገሥታት በዓይናቸው ያዩ፣ የሃይማኖት ክርክሩን ከውስጥ የሚያውቁ፣ ባሕር የተሻገሩ ካህን ነበሩ፡፡

ሉዶልፍ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በሳክሰ ጎታ መስፍን በኤርነስት ቤተ መንግሥት አገልግሎት ገቡ፡፡ መስፍኑ የሉተራን እምነት ተከታይ ሲሆኑ፣ በሃይማኖተኛነታቸው ምክንያት ጻድቁ ኤርነስት እየተባሉ ይጠሩ ነበር፡፡ ከሮም ነጻ ሆኖ የኖረ ጥንታዊ የአፍሪካ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን ከሉዶልፍ ሲሰሙ ትኩረታቸው ተሳበ፡፡ በዚህም መሠረት አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ እንዲመጡ ተጋበዙ፡፡ በ1652 ክረምት ኢትዮጵያዊው ካህን የአልፕስን ተራሮች ተሻግረው፣ ገና ግንባታው ባልተጠናቀቀው የፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ተቀመጡ፡፡

በጎታ የተካሄደው ሥራ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል፡፡ መስፍኑና የቤተ መንግሥቱ ሊቃውንት ይጠይቃሉ፣ አባ ጎርጎርዮስ ይመልሳሉ፣ ሉዶልፍ ይተረጉማሉ፣ መልሱም በጽሑፍ ይሰፍራል፡፡ የጥያቄዎቹ ስፋት አስደናቂ ነው፡፡ ስለ ጥምቀትና ስለ ቁርባን፣ ስለ ጾም፣ ስለ ግዝረት፣ ስለ ንጉሡ ሥልጣንና ስለ አልጋ ወራሽነት፣ ስለ ወንዞችና ተራሮች፣ ስለ እንስሳት፣ ስለ ገበሬው ኑሮ ይጠየቃል፡፡ ዛሬ አንዱን ለሥነ መለኮት፣ ሌላውን ለሕግ፣ ሌላውን ለጂኦግራፊ የምንሰጠው ጥያቄ ሁሉ ለአንድ ሰው ነበር የሚቀርበው፡፡ አባ ጎርጎርዮስም ስለ አገራቸው የተጠየቁትን በዝርዝር የሚያስረዱ፣ የተሳሳተውን የሚያርሙ ነበሩ፡፡

ከዚህ ጎን ለጎን ሁለቱ ሰዎች ሌላ ሥራ ይዘው ነበር፡፡ አባ ጎርጎርዮስ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አማርኛ ነው፡፡ በዚያን ጊዜ አማርኛ የቤተ መንግሥትና የሕዝብ መነጋገሪያ እንጂ በብዛት የሚጻፍበት ቋንቋ አልነበረም፤ የጽሑፍ ቋንቋ ግእዝ ነበር፡፡ ሉዶልፍ የአማርኛን ቃላት እየጠየቁ ሰበሰቡ፤ ግሡ እንዴት እንደሚረባ፣ ስሙ እንዴት እንደሚበዛ መዘገቡ፡፡ ለግእዝ ብራና ገልጦ ማመሳከር ይቻላል፡፡ ለአማርኛ ግን ከአባ ጎርጎርዮስ በቀር የሚገለጥ መጽሐፍ አልነበራቸውም፡፡

በዚህ ጸሐፊ አመለካከት፣ ኢትዮጵያዊውን ካህን መረጃ አቀባይ ብሎ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ነው፡፡ ጥያቄውን መጠየቅ የሉዶልፍ ድርሻ ቢሆንም፣ የትኛው ጥያቄ ትርጉም እንዳለውና የትኛው እንደሌለው የሚያስረዱት፣ የግእዙን ምሥጢር የሚፈቱትና የሁለቱን ቋንቋዎች ልዩነት የሚያሳዩት አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ፡፡ በእኛ የአብነት ትምህርት ቤት ወግ እንዲህ ያለው ሰው መምህር ይባላል፡፡ ሉዶልፍም ቢሆኑ ይህን አልደበቁም፤ የወዳጃቸውን ስምና ውለታ በመጻሕፍታቸው ደጋግመው አንስተዋል፡፡

አባ ጎርጎርዮስ ከጎታ ከተመለሱ በኋላም ሁለቱ ወዳጆች ደብዳቤ መጻጻፋቸውን አላቋረጡም፡፡ ይሁን እንጂ ወዳጅነቱ ዕድሜ አላገኘም፡፡ አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ለመመለስ በ1658 በባሕር ሲጓዙ በሶርያ ጠረፍ፣ በእስክንድሩን አካባቢ መርከባቸው ተሰብራ ሕይወታቸው አለፈ፡፡ ከሃያ ዓመታት በላይ የተለዩትን አገራቸውን ዳግም ሳያዩ ቀሩ፡፡

ሉዶልፍ በዚያን ጊዜ የ34 ዓመት ሰው ነበሩ፤ በእጃቸው ከነበረው አብዛኛው ገና አልታተመም፡፡ መዝገበ ቃላታቸውና የግእዝ ሰዋስዋቸው በ1661 በለንደን ታተሙ፡፡ የኅትመቱን ሥራ የተከታተለው ዮሐን ሚካኤል ቫንስሌብ የተባለ ወጣት ተማሪያቸው ሲሆን፣ በመጽሐፉ ላይ በራሱ ሥልጣን ባስገባቸው ለውጦችና በስህተቶቹ ምክንያት ደራሲው በእጅጉ አዘኑ፡፡ መስፍኑ ኤርነስት በ1663 ይህንኑ ወጣት ወደ ኢትዮጵያ ላኩት፡፡ ቫንስሌብ ግን ከግብፅ አላለፈም፤ ከዚያም ወደ ሮም ሄዶ ካቶሊክ ሆነ፡፡ የሉተራኑ መስፍን ገንዘብም ተስፋም በዚሁ ቀረ፡፡

ሉዶልፍ በ1678 ወደ ፍራንክፈርት ተዛወሩ፡፡ ከሦስት ዓመታት በኋላ፣ በ1681፣ ስማቸውን በመላው አውሮፓ ያስጠራውን የኢትዮጵያ ታሪክ የተሰኘ የላቲን መጽሐፋቸውን በዚያው ከተማ አሳተሙ፡፡ ከጎታው ጉባኤ እስከ መጽሐፉ መታተም ሃያ ዘጠኝ ዓመታት ተቆጥረዋል፡፡ በተከታዩ ዓመት በእንግሊዝኛ፣ በ1684 ደግሞ በፈረንሳይኛ ተተርጉሞ ወጣ፡፡

ሥራው ታሪክ ይባል እንጂ በዛሬው መለኪያ የታሪክ መጽሐፍ ብቻ ተብሎ አይመደብም፡፡ በአራት ክፍሎች የተደራጀ ሲሆን፣ የመጀመሪያው የአገሪቱን ተፈጥሮ፣ ተራሮችና ወንዞች፣ እንስሳትና ነዋሪዎች ይገልጻል፡፡ ሁለተኛው ስለ መንግሥቱ አስተዳደርና ስለ ነገሥታቱ ተከታታይነት፣ ሦስተኛው ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ አራተኛው ስለ ፊደል፣ ስለ መጻሕፍትና ስለ ሕዝቡ የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው፡፡ ዝሆንና ጉማሬ ከሰሎሞናዊው ሥርወ መንግሥትና ከቅዳሴ ሥርዓት ጋር በአንድ ጥራዝ ውስጥ ይገኛሉ፡፡ የሕግ ባለሙያው ስለ ንጉሡ ሥልጣን ሲጽፉ፣ የቋንቋ ሊቁ ስለ ማዕረግ ስሞች ትርጉም፣ የታሪክ ጸሐፊው ስለ ዘመን አቆጣጠር አብረው ይጽፋሉ፤ ሦስቱም አንድ ሰው ናቸው፡፡

የመጽሐፉ ዋነኛ ጥንካሬ ማመሳከሩ ነው፡፡ በዚያ ዘመን ስለ ኢትዮጵያ በአውሮፓ የሚነገረው ብዙው ተረት ነበር፡፡ የካህኑ ንጉሥ የዮሐንስ አፈ ታሪክ ገና አልሞተም፡፡ ሉዊስ ደ ኡሬታ የተባሉ ስፔናዊ መነኩሴ በ1610 ባሳተሙት መጽሐፍ በአምባው ላይ ቁጥር ስፍር የሌለው መጽሐፍ የያዘ ቤተ መጻሕፍት እንዳለ አድርገው ጽፈው ነበር፡፡ ሉዶልፍ ይህን ሁሉ በሚዛን ላይ አስቀመጡት፡፡ ፖርቱጋላዊው ባልታዛር ቴሌስ የኢየሱሳውያኑን ማስታወሻዎች አቀናብረው በ1660 ያወጡትን መጽሐፍ ከግእዝ ጽሑፎች ጋር፣ ጽሑፎቹን ከአባ ጎርጎርዮስ ቃል ጋር ያነጻጽራሉ፡፡ ቃሉን የሚያውቅ ሰው ተረቱን ከስሙ ብቻ ይይዘዋል፤ ለምሳሌ አንድ ከተማ ወይም ሹም የተጠራበት ስም በግእዝም በአማርኛም ትርጉም ከሌለው ነገሩ መጠርጠር ይጀምራል፡፡ ከልጃቸው ከክርስቲያን ሉዶልፍ ጋር በ1683 ያወጡት የኢትዮጵያ ካርታም የዚሁ ማመሳከር ውጤት ነው፡፡

ይህ ማለት ግን ሁለገብነታቸው ሁልጊዜ ወደ እውነት አድርሷቸዋል ማለት አይደለም፡፡ እስራኤላውያን በምድረ በዳ የበሉት በመጽሐፍ ቅዱስ እንደተጻፈው ድርጭት ሳይሆን አንበጣ ነው የሚል ሐሳብ አንስተው፣ በ1694 ስለ አንበጣ ራሱን የቻለ መጽሐፍ አሳትመዋል፡፡ የዕብራይስጡን ቃል፣ የተጓዦችን ምስክርነትና የነፍሳትን ጠባይ በአንድነት አሰልፈው የተከራከሩበት ሥራ ሲሆን፣ ለማንበብ አስደሳች ቢሆንም አብዛኞቹ ሊቃውንት አልተቀበሉትም፡፡ ብዙ ትምህርት የሚያውቅ ሰው ለተሳሳተ ሐሳብም ብዙ ማስረጃ አያጣም፡፡ ከዚህም ሌላ ሉዶልፍ ኢትዮጵያን በዓይናቸው አላዩም፤ በመሆኑም ከሚሲዮናውያኑ መጻሕፍት የወሰዱትን ሁሉ በራሳቸው ዓይን የሚያጣሩበት ዕድል አልነበራቸውም፡፡ አባ ጎርጎርዮስም ቢሆኑ የሰጡት ምስክርነት የአንድ አካባቢ፣ የአንድ ካህን ምስክርነት መሆኑ አይካድም፡፡

ከፖለቲካም አልራቁም፡፡ በ1683 ወደ እንግሊዝ ተጉዘው የአውሮፓ መንግሥታት ከኢትዮጵያ ጋር ወዳጅነት እንዲመሠርቱና ቱርኮችን በጋራ እንዲቋቋሙ ለማግባባት ቢሞክሩም የተሳካላቸው ነገር የለም፡፡

በቋንቋ ጥናት ረገድ ያስገኙት ውጤት ግን ጊዜ ያልሻረው ነው፡፡ የግእዝን ስም ከከለዳዊነት አላቀው፣ ከዐረብኛና ከዕብራይስጥ ጋር ያለውን ዝምድና በማስረጃ አሳዩ፤ አማርኛም ከግእዝ ጋር የሚዛመድ ቢሆንም ራሱን የቻለ ሰዋስው ያለው ቋንቋ መሆኑን ለይተው አስቀመጡ፡፡ በ1702 ባወጡት ጽሑፍ ሁለት ቋንቋዎች ዘመዳሞች ናቸው ለማለት ጥቂት ቃላትን መጋራታቸው እንደማይበቃ፣ የሰዋስዋቸው አካሄድም በአብዛኛው አንድ መሆን እንዳለበት ተከራክረዋል፡፡ ቃል በንግድ፣ በሃይማኖትና በጦርነት ሊዋዋስ ይችላል፤ የግሥ ርባታ ግን በቀላሉ አይዋዋስም፡፡ እነዚህ ቋንቋዎች ሴማዊ የሚለውን የጋራ ስም ያገኙት በ1781፣ ሉዶልፍ ካለፉ ከ77 ዓመታት በኋላ እንደነበር ስናስብ የሐሳቡ ቀዳሚነት ጎልቶ ይታያል፡፡ ታዋቂው ፈላስፋና የሒሳብ ሊቅ ላይብኒትስም የሕዝቦችን አመጣጥ ከቋንቋቸው ለመመርመር ሲነሳ ምክር ከጠየቃቸው ሰዎች አንዱ ሉዶልፍ ነበሩ፤ ሁለቱም ለዓመታት ተጻጽፈዋል፡፡ ፍቅሩ በቤተሰቡም የተዛመተ ይመስላል፤ የወንድማቸው ልጅ ሃይንሪሽ ቪልሄልም ሉዶልፍ በ1696 በኦክስፎርድ የሩስኛን ሰዋስው አሳትመዋል፡፡

ሉዶልፍ በ1690 የጀርመንን ታሪክ ለማጥናት የተቋቋመው የሊቃውንት ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኑ፡፡ በተከታዩ ዓመት የኢትዮጵያ ታሪክ የተሰኘው መጽሐፋቸው ማብራሪያ የሆነውን ግዙፍ ጥራዝ አወጡ፡፡ ከዚያም ዕድሜያቸው ሰባን ካለፈ በኋላ ለወጣትነታቸው ዘመን ማስታወሻዎች ጊዜ አገኙ፡፡ በ1698፣ በ74 ዓመታቸው፣ የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ - ላቲን መዝገበ ቃላት በፍራንክፈርት አሳተሙ፡፡ አማርኛ በማተሚያ ቤት የታተመ ሰዋስው ያገኘው በዚህ ጊዜ ነው፡፡ የመጽሐፉ መሠረት ከአርባ ስድስት ዓመታት በፊት በጎታ ከአባ ጎርጎርዮስ አንደበት የተለቀመው ቃል ነበር፡፡ በ1699 የግእዝ መዝገበ ቃላታቸውን፣ በ1702 ሰዋስውን፣ ለንደን ላይ ከደረሰባቸው ስህተት አጽድተው እንደገና አወጡ፤ በመካከሉም በ1701 መዝሙረ ዳዊትን በግእዝና በላቲን አሳተሙ፡፡ ሚያዝያ 8 ቀን 1704 በሰማንያ ዓመታቸው መዳረሻ በፍራንክፈርት አረፉ፡፡

በግእዝ ጥናት ሉዶልፍን የሚተካ ሥራ እስኪወጣ ከ150 ዓመታት በላይ ወስዷል፡፡ እሱንም የሠሩት ሌላው ጀርመናዊ ሊቅ አውጉስት ዲልማን ሲሆኑ፣ ሰዋስዋቸው በ1857፣ መዝገበ ቃላታቸው በ1865 ታትሟል፡፡ ከ2003 እስከ 2014 ድረስ በጀርመን በአምስት ቅጽ የወጣው የኢትዮጵያ ኢንሳይክሎፔዲያ ደግሞ ሉዶልፍ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይዘውት የነበረውን የቋንቋ፣ የታሪክ፣ የሃይማኖትና የጂኦግራፊ ዘርፍ ሁሉ ያሰባሰበ ቢሆንም፣ ለዝግጅቱ ከብዙ አገሮች የተውጣጡ፣ ኢትዮጵያውያን ምሁራንን የጨመሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጸሐፊዎች አስፈልገዋል፡፡

ሉዶልፍ በ1691 ባወጡት የማብራሪያ ጥራዝ ውስጥ አንድ የመዳብ ላይ ቅርጽ ሥዕል ይገኛል፡፡ ሥዕሉ የነገሥታትም የመሳፍንትም አይደለም፤ በባሕር ከሰጠሙ ሠላሳ ሦስት ዓመታት ያለፋቸው የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው፡፡